ለመጠጥ ሲባል የሚቋረጥ ኪኒን፦ ባይፖላር፣ አልኮልና የአካል ጤና በአዳማ ሙቀት

የበዓል ሰሞን በተቃረበ ቁጥር በአዳማ መድኃኒት ቤቶችም ሆነ በሆስፒታል የክትትል ክፍሎች ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ሁለት ቢጠጣ ምን ይሆናል የሚል ነው። የተለመደው መልስ «አልኮልና መድኃኒት አይገናኙም» የሚል አጭር ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው በራሱ ስህተት የለበትም። ሆኖም ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ከዚህ የሚረዱት መጠጡን መተው እንዳለባቸው ሳይሆን በሚጠጡበት ቀን ኪኒኑን መተው እንዳለባቸው ነው። ለጥቂት ቀናት በታዘዘ መድኃኒት ላይ እንዲህ ያለው ስሌት የሚያስከትለው ጉዳት ውስን ሊሆን ይችላል። ባይፖላር ለተባለው የአእምሮ ሕመም ለዓመታት በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ሲተገበር ግን ሰውየው ሊርቀው ከሚፈልገው አደጋ ይልቅ የባሰ አደጋ ይጠራል። ተመሳሳይ ግንዛቤ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎችም ዘንድ እንዳለ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፤ መጠጥና መድኃኒት አንድ ላይ መርዝ ይሆናሉ ብለው የሚያምኑ ታካሚዎች መድኃኒቱን የመዝለል ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው።

ሕመሙና የሚታከምባቸው መድኃኒቶች

ባይፖላር የሰው ስሜት፣ ጉልበትና የእንቅልፍ ፍላጎት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከልክ በላይ የሚያሻቅብበት፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እጅግ የሚያዘቀዝቅበት ሕመም ነው። ከፍታው ማኒያ ይባላል። በዚህ ወቅት ሰውየው ሳይተኛ ድካም አይሰማውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘብ ያለ ስሌት ያወጣል፣ ራሱን ከማንም በላይ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ዝቅታው ድብርት ነው። በአገራችን በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ያካተተው የኅብረተሰብ ጥናት ሕመሙ ከ200 ሰዎች በአንዱ ገደማ እንደሚገኝ አመልክቷል፤ በአዳማ ስፋት ላለ ከተማ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ለሕክምናው በዋናነት ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ስሜትን የሚያረጋጉት ሊቲየም፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒን ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ሳይኮሲስ ሰው በገሃድ ካለው ነገር ጋር ያለው ግንኙነት የሚቋረጥበት ሁኔታ ነው። ሁሉም አልኮልን በአንድ መንገድ አይቃወሙም፤ «አይገናኙም» የሚለው ጥቅል መልስ የሚሸፍነውም ይህን ልዩነት ነው።

አልኮል ጉዳት የሚያደርስባቸው መንገዶች

በሕዝብ ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው መድኃኒቱና አልኮሉ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው መርዝ ይፈጥራሉ የሚለው ነው። ለአብዛኞቹ የባይፖላር መድኃኒቶች ትልቁ ችግር ይህ አይደለም። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ ኦላንዛፒን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒንም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ድንዛዜው ይበረታል። ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ይህ ብቻውን በቂ አደጋ ነው። ከሁሉም የከፋው ከዳያዜፓምና ከመሰሎቹ ማረጋጊያዎች ጋር የሚፈጠረው መደራረብ ሲሆን፣ ትንፋሽን እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በእንቅልፍ በኩል ነው። አልኮል ሰውን ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ለሌላው ሰው የማግስት ድካም ብቻ የሚሆነው የእንቅልፍ እጦት ባይፖላር ላለበት ሰው የማኒያ መነሻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ያ ምሽት ኪኒኑ የተዘለለበት ከሆነ መከላከያው በተነሳበት ሰዓት መነሻው ይመጣል። ሊቲየምን በድንገት ማቆም ማኒያን በፍጥነት ሊመልስና ራስን የማጥፋት ስጋትን ሊጨምር እንደሚችል በሚገባ ይታወቃል። ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒን በድንገት ሲቋረጡ ደግሞ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ባለበትና ብዙ በሚጠጣ ሰው ላይ፣ የመንቀጥቀጥ አደጋ ይኖራል።

ስለዚህ በታካሚው ፊት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ አይደለም። አለመጠጣትና መድኃኒቱን መውሰድ ከሁሉም የተሻለው ነው። ጠጥቶ መድኃኒቱንም መውሰድ ስጋት አለው፤ መጠኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ መጠጡ ብዛት ይለያያል። ጠጥቶ መድኃኒቱን መተው ግን፣ በተለይ ቀናት ሲደራረቡ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነው። ታካሚው ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባው «ድንገት ብጠጣ የትኛውን ኪኒን እቀጥላለሁ፣ የትኛውን አቆያለሁ?» የሚለውን ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ ማረጋጊያን ሰክሮ አለመውሰድና ዋናውን የስሜት ማረጋጊያ መዝለል የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ሊቲየም፣ ላብና ጾም

ሊቲየም በ1949 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለማኒያ እንደሚጠቅም ካሳወቀ ወዲህ ከዚህ ሕመም ዋነኛ መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በየጤና ተቋሙ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም፤ በሚያገኙት ሰዎች ላይ ግን ራስን የማጥፋት ስጋትን በመቀነስ ረገድ ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። ጉበት አይሰባብረውም፤ እንዳለ በኩላሊት በኩል ይወጣል። «ጉበቴን ይጎዳል» ብለው ሊቲየምን ከአልኮል ጋር መውሰድ የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው የተሳሳተ አካል ላይ ያረፈ ነው፤ ሊያስቡበት የሚገባው ስለ ውሃና ስለ ጨው ነበር።

ኩላሊት ሊቲየምን ከጨው ለይቶ አያውቀውም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ጨውን ቆጥቦ ወደ ደም ይመልሳል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ይመልሳል። በደም ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ካለፈ የመመረዝ ምልክቶች ይጀምራሉ፤ ከ2 በላይ ሲሆን ለሕይወት ያሰጋል። በሚጠቅመው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

በአዳማ ይህ ተራ የመማሪያ መጽሐፍ ዕውቀት ሆኖ አይቀርም። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። ዓቢይ ጾም በዚሁ ጊዜ ይውላል፤ የረመዳን ጾምም በእነዚህ ዓመታት ከዚህ ወቅት የራቀ አይደለም። በግንባታ ቦታ ወይም በሸቀጥ ማራገፊያ የሚውል ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ምሽት ውሃ ሳይቀምስ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ሃምሳ አምስቱ ቀናት አልፈው ፋሲካ ሲመጣ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጾሙን ሙሉ መጠጥ ያልቀመሰ ሰው አልኮልን የመሸከም አቅሙ ቀንሷል፤ በፊት ምንም የማይለው መጠን አሁን ያሰክረዋል። አልኮሉ ሽንት ያበዛል፤ የተረፈውን ውሃ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ ቅባት ሳያገኝ የቆየው ሆድ በበዓሉ ምግብ ተበሳጭቶ ተቅማጥና ማስታወክ ሊከተል ይችላል። በማግስቱ በተለምዶ «ዞረ ድምር» የሚባለው ራስ ምታት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊት ሊቲየምን እንዳያስወጣ ያደርጋሉ። ሙቀቱ፣ ጾሙ፣ መጠጡና ማስታገሻው ለየብቻ ቢመጡ ሰውነት ሊቋቋማቸው ይችል ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲደራረቡ ግን ለወራት ተረጋግቶ የቆየ የሊቲየም መጠን ገደቡን ሊሻገር ይችላል።

ከዚህ ተነስቶ ሊቲየም የሚወስድ ሰው መጾም የለበትም ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። በፓኪስታን ፔሻዋር ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ ታካሚዎች በክትትል ሥር ሆነው ረመዳንን ሲጾሙ የሊቲየም መጠናቸው ጉልህ ለውጥ እንዳላሳየ አረጋግጧል። በሌላ በኩል ጥናቱ ምርመራ እየተደረገላቸው የጾሙ ሰዎችን የተመለከተ እንጂ ሳያሳውቁ የጾሙትን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሠሩትንና በበዓሉ የጠጡትን የሚወክል አይደለም። ከጾሙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪምን ማማከር ብዙ ነገር ይፈታል። መድኃኒቱ በምሽት አንድ ጊዜ እንዲወሰድ ሊደረግ ይችላል፤ ደሙም በጾሙ መካከል ሊታይ ይችላል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ከሊቲየም ጋር አይጋጭም፤ ብዙ በሚጠጣ ሰው ላይ ግን የጉበት ጉዳት እንዳያስከትል መጠኑ መገደብ አለበት። ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ሲበረታ ፈሳሹን ለምለም በሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት መተካትና የሚቀጥለው የሊቲየም ኪኒን ከመወሰዱ በፊት በዚያው ቀን ሐኪም ማነጋገር ያስፈልጋል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ቡና ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ በቀን ሦስት አራት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም መጠኑ ሊያሻቅብ ይችላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው «ጨው ተው» ተብሎ በአንድ ጊዜ ጨው አልባ ምግብ ሲጀምርም እንዲሁ ነው።

ስካር የሚመስል ሁሉ ስካር አይደለም

የሊቲየም መመረዝ ምልክቶች ጎልቶ የሚታይ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ የእግር መወላገድ፣ የምላስ መተሳሰርና የአእምሮ መደናገር ናቸው። ይህን ዝርዝር በበዓል ማግስት ለአንድ የቤተሰብ አባል ቢያነቡለት «ጠጥቶ ነው» ማለቱ አይቀርም። ካርባማዜፒን ከመጠን በላይ ሲሆን ነገሮችን እጥፍ አድርጎ ማሳየትና መንገዳገድ ያመጣል። የስኳር ሕመም ያለበትና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ሲጠጣ የደሙ ስኳር ወርዶ ይፈዛል፣ ያልበዋል፣ ይደናገራል። ሦስቱም በውጭ ሲታዩ ስካር ይመስላሉ፤ ሰውየው መጠጥ መጠጥ ከሸተተ ደግሞ ጥርጣሬው ወዲያው ይዘጋል። የአእምሮ ሕመም እንዳለበት የሚታወቅ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ «እንደ ልማዱ ነው» ተብሎ እንዲተኛ ይተዋልና።

ለመለየት የሚረዳው ጊዜ ነው። ስካር በሰዓታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። መጠጡ ካቆመ በኋላ እየባሰ የሚሄድ መወላገድ፣ በማግስቱም ያልለቀቀ የምላስ መተሳሰር፣ ከተቅማጥ ጋር የመጣ መንቀጥቀጥ፣ ቀስቅሰውት የማይነቃ እንቅልፍ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። አስታማሚው የኪኒኖቹን ማሸጊያ ይዞ መሄድ አለበት። የደም ስኳር በጣት ጠብታ በደቂቃ ውስጥ የሚለካ በመሆኑ ጠጥቷል ተብሎ የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

ጫትና ጨብሲ

በአዳማ አልኮልን ከጫት ለይቶ ማየት አይቻልም። ጫት ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው፤ እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናውን ለመስበር ከጫት በኋላ የሚወሰደው መጠጥ ጨብሲ ይባላል። ባይፖላር ላለበት ሰው ይህ ዑደት ከቀትር እስከ ሌሊት አነቃቂን፣ ከዚያ ማደንዘዣን፣ በመጨረሻም የተዘለለ የምሽት ኪኒንን ያስከትላል። ማኒያው የመጣው ከጫቱ ይሁን ከሕመሙ መለየት ለሐኪምም ስለሚከብድ፣ በክትትል ክፍል ስለ መጠጥ ብቻ ጠይቆ ስለ ጫት አለመጠየቅ የምርመራውን ግማሽ መተው ነው።

ከአንገት በታች ያለው አካል

የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ይገልጻል፤ ለአብዛኛው ሞት ምክንያቱም ሊከላከሉት የሚቻል የአካል ሕመም ነው። መድኃኒቶቹ በዚህ ድርሻ አላቸው። ኦላንዛፒን ክብደትንና የደም ስኳርን ይጨምራል፤ ከቢራ የሚገኘው ካሎሪ ሲታከልበት ወገብ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰፋል። ቫልፕሮኤት ጉበትን፣ ቆሽትንና ደም ለማርጋት የሚያገለግሉትን ፕሌትሌቶች ሊጎዳ ይችላል፤ አልኮልም እነዚህኑ ሦስቱን ይጎዳል። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ቫልፕሮኤትና አዘውትሮ መጠጣት አብረው ሲገኙ የጉበት ምርመራ አስፈላጊነት ይጨምራል። ሊቲየም የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያቀዘቅዝ ስለሚችል የሚመጣው ድካምና መፍዘዝ ድብርት ተመለሰ ተብሎ በስህተት ሊተረጎም ይችላል፤ ስለዚህ የእንቅርት ዕጢና የኩላሊት ምርመራ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይመከራል።

ከደም ግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሊቲየምን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ አምሎዲፒን በአብዛኛው አይነካውም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የቫልፕሮኤትንና የሃሎፔሪዶልን ኃይል ይቀንሳል። ካርባማዜፒን በበኩሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር ያዳክማል። በክንድ ሥር የሚቀበረውንና በየቀኑ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያም እንዲሁ ያዳክማል።

የመጨረሻው ነጥብ ከቫልፕሮኤት ጋር ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል። በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮኤት ከሚወስዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል፤ ከ100 ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት የአእምሮ ዕድገት ችግር ይገጥማቸዋል። አልኮልም ለፅንሱ የራሱ ጉዳት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ቫልፕሮኤት እንዳይጀመር የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ የጀመረች ሴት ግን ይህን ሰምታ በራሷ ማቆም የለባትም፤ መቀየሩ በሐኪም ዕቅድ ቀስ ብሎ የሚፈጸም ነው።

ፈጽሞ መተው ወይስ መቀነስ?

በባለሙያዎች ዘንድ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው ባይፖላር ያለበት ሰው አልኮል በፍጹም መጠጣት የለበትም ይላል። ደካማ መከራከሪያ አይደለም፤ በአሜሪካ የተደረገና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ዋናው የባይፖላር ዓይነት ካለባቸው ሰዎች 46 ከመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ወቅት ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሕመም እንደነበረባቸው አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው «በመጠኑ» የሚለው ቃል ብዙም አይጠቅመውም። በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ መጠጥ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። 330 ሚሊ ሊትር የሆነና 5 ከመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ብርታቱ 45 ከመቶ የደረሰ አረቄ ግን 50 ሚሊ ሊትሩ ብቻ ወደ 18 ግራም ይጠጋል። የጠላና የጠጅ ብርታት ከቤት ቤት ይለያያል።

ሁለተኛው አመለካከት ፈጽሞ ተው የሚል ቅድመ ሁኔታ ታካሚውን ወደ ድብብቆሽ ይገፋዋል የሚል ነው። «ስትጠጣ እንዳትመጣ» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ ወይ ይዋሻል ወይ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ላይ ማስረጃው ለሁለተኛው ወገን ያደላል ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካ ፒትስበርግ የአልኮል ጥገኝነትና ባይፖላር በአንድነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ቫልፕሮኤት የተሰጣቸው ሰዎች ብዙ የሚጠጡባቸው ቀናት ከሌሎቹ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ሕክምናውን ለመጀመር መጠጡ አስቀድሞ መቆም አለበት የሚለውን ሐሳብ አይደግፍም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች አይለያዩም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በቁርጠኝነት ተነስቶ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። መጠጡ ከቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቅዠት፣ ላብና ከባድ መደናገር ሊከተል ይችላል፤ ይህ ገዳይ ሊሆን የሚችል ሁኔታ ነው። ጾም ሲገባ ወይም ጸበል ለመሄድ ሲወሰን መጠጥን በአንዴ የሚያቆሙ ሰዎች ይህን ቀድመው ሊያውቁት ይገባል። የጸበል ቦታ ከመጠጥ ማራቁ ለብዙዎች ጠቃሚ ነው፤ ኪኒኑም አብሮ እንዲቋረጥ ሲደረግ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

ክትትሉ በተለያዩ ክፍሎች ሲከፋፈል

አንድ ታካሚ የአእምሮ ሕክምናውን በአንድ ክፍል፣ ግፊቱንና ስኳሩን በሌላ፣ የሳንባ ነቀርሳውን በሦስተኛ፣ የራስ ምታቱን በሰፈር መድኃኒት ቤት የሚከታተል ከሆነ ከላይ የተዘረዘሩትን ግጭቶች ሁሉንም የሚያይ ባለሙያ አይኖርም። ግፊቱን የሚያክመው ኢናላፕሪል ሲያዝ ሊቲየሙን ላያውቅ ይችላል። የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው በአንድ ወረቀት ጽፎ በየክፍሉ ማሳየት ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ማስታገሻ የሚሸጠው ባለሙያም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቁ የዚሁ ሥራ አካል ነው።

የሊቲየም የደም ምርመራ በየላቦራቶሪው አይሠራም። በአዳማ ያለ ታካሚ አንዳንዴ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ሊመረመር ይገደዳል፤ ጉዞው ራሱ የስህተት ምንጭ ይሆናል። ደሙ መወሰድ ያለበት ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ማለዳ ኪኒኑን ውጦ አውቶቡስ የተሳፈረና ረፋዱ ላይ ደም የሰጠ ሰው ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙም ቁጥሩን አምኖ የሚሠራለትን መጠን ሊቀንስበት ይችላል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ኪኒን የተወሰደበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ቢኖርና ቀጠሮ የሚሰጠው ባለሙያ «የዚያን ቀን ጠዋት ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡት» ብሎ ቢነግረው ይህ ስህተት ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይቀራል።